ብርድ ልብሱን ውሰድ

መስከረም 28፣ እሑድ። ደመና ነው፣ አልዘነበም። ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱ ሱቅ ነው።

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ እትዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ሐኪሙ የሰጠሽ የጆሮ መሣሪያ ጠቀመሽ ወይስ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ካውያ ያቃጠለው እጄም ደርቋል፤ ለእሱ አታስቢ።

ደብዳቤሽ አናት ላይ ለምን እንደ ዘበኛ ቀኑንና አየሩን ትጽፊያለሽ ብለሽ ስቀሽብኛል። ልማድ ሆኖብኝ ነው። ማንበብን ከሳሙና ካርቶንና ከዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ለቃቀምኩት፤ መጻፍን ግን የለመድኩት ከሆቴሉ ላውንደሪ የተረኛ መዝገብ ነው። እዚያ መጀመሪያ ቀኑ፣ ቀጥሎ አየሩ፣ ቀጥሎ እነማን እንደነበሩ ይጻፋል። አየሩ ካልተጻፈ አንሶላው ለምን እንዳልደረቀ አለቃችን አይገባትም። ከዚህ ሌላ አጀማመር አላውቅም።

ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም። ጀምሬ ጀምሬ ስለምተወው ነው። አሁን ልጨርሰው።

ባለፈው ሳምንት ራት እየበላን ነበር። እሱ ማንኪያውን አስቀመጠና ወደ ሱቁ ልዛወር እያሰብኩ ነው አለኝ። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ታውቂያታለሽ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅልሎቹን የሚከምርባትን። አጽድቷታል። አልጋም አስገብቶባታል፤ ይህን አላወቅኩም ነበር። ለሁለታችንም ይቀላል አለ። እኔም፦

«ብርድ ልብሱን ውሰድ፣ እዚያ ይበርዳል» አልኩት።

«አንቺስ?» አለ።

አሮጌው አለልኝ አልኩት። ሾርባው ቀዝቅዞ ስለነበር አሞቅኩትና በላን። ነገሩ ያለቀው በዚሁ ነው።

ተጣልታችሁ ነው እንዳትዪኝ፤ አልተጣላንም። ሌላ ሴት የለችም፤ ብትኖር አንድ ነገር እሰማ ነበር፣ ሰፈሩ እንዲህ ያለውን አይደብቅም። መጠጥም የለም። ምን አደረገሽ ብትዪኝ ምንም አላደረገኝም። እኔም ምንም አላደረግኩትም። ልጃችን አግብታ ከወጣች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ስለ ውኃ ሒሳብና ስለ ዳቦ እንነጋገራለን፤ ውኃው ሲከፈል፣ ዳቦው ሲገዛ ወሬ ያልቅብናል።

ልጅቱ እስክትገላገል ለማንም ላንናገር ተስማምተናል። የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ መደንገጥ የለባትም። የነገርኩሽ አንቺን ብቻ ነው። አደራሽን፣ ለማንም፤ ከሁሉም በላይ ለእሷ።

ታናሽሽ

*

ጥቅምት 9

ለእህቴ፣

አየሩን አትጠይቂኝ፣ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ መስኮት አልከፈትኩም።

ሠላሳ ዓመት አብሮሽ የኖረ ሰው ልሄድ ነው ሲልሽ ብርድ ልብሱን ውሰድ ትዪዋለሽ? ምነው፣ ትራሱን ረሳሽው? ሳሙናና ፎጣም ጨምሪለት እንጂ። አንቺ ልጅ፣ እናታችን ስታልፍ እንኳ አንሶላ ስታጣጥፊ ነበር የዋልሽው። ያኔ ምንም አላልኩሽም።

ባልሽን ፊውዝ ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ታስታውሻለሽ፤ ዝም ብሎ ጥግ ይዞ ስለሚቀመጥ። ፊውዝ ሲቃጠል ድምፅ የለውም፤ ሰው የሚያውቀው ቤቱ ሲጨልም ነው። የእናንተም እንዲያ ሆነ።

አንዲት ቃል ናት የምትነግሪው፤ «አትሂድ»። አራት ፊደል ናት። ይህን ሁሉ ገጽ የጻፈች ሴት አራት ፊደል አያቅታትም።

ስለ አደራሽ ያልሽውን አንብቤዋለሁ። እኔ እዚህ ጉልበቴን አቅፌ ስቀመጥ የሚታየኝ ሌላ ነው። ኋላ ብትቀየሚኝ፣ ያኔ ተቀየሚኝ።

እህትሽ

*

ጥቅምት 20፣ ሰኞ። ፀሐይ ነው፣ ነፋስ አለ። የነበሩ፦ እኔና ሁለት ልብስ ተኳሾች። የምጽፍልሽ ላውንደሪው ውስጥ ነው፣ በምሳ ሰዓት።

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። ያቺን ቃልሽን አልነገርኩትም። አልሄደምም፣ ምክንያቱን ስታነቢው ትስቂያለሽ።

ቅዳሜ ልጅቱ መጣች። ሆዷ እሷን ቀድሞ ነው በር የገባው። ተቀምጣ ትንፋሿን ሳትሰበስብ እጄን ይዛ ወጥ ቤት አስገባችኝና በሩን ዘጋች። ኅዳር 16 የተጋባችሁበት ሠላሳኛ ዓመት ነው አለችኝ። ለአባቷ ሰርፕራይዝ እንዳዘጋጅለት ትፈልጋለች። ጣሪያው ላይ መብራት ተሰቅሎ፣ ለሁለት ሰው ጠረጴዛ ተሰናድቶ፣ ሻማ በርቶ፣ ሙዚቃ ተከፍቶ፣ ደረጃው ላይ የጽጌረዳ ቅጠል ተበትኖ። ቅጠሉን ማን ይጠርገዋል ብዬ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ በእናትሽ» አለችኝና ግንባሯን ያዘች። ታች ቤት ያለችው ነርስ ኬኩን ታመጣለች፣ ከነርሷ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ለአባዬ ትንፍሽ እንዳትዪ አለች።

እሺ አልኳት። እምቢ ብል ለምን ትለኛለች።

ከዚያ እሱን ይዛው በረንዳ ወጣች። እዚያም ብዙ ቆዩ። በመስታወቱ አየዋለሁ፤ አንገቱን ይነቀንቃል።

እሷን ሸኝተን ተመልሰን ተቀመጥን። እሱ ጉሮሮውን ጠረገና የቀሚስሽ ልክ ስንት ነው አለኝ። ለምን ስለው ልነግርሽ አልችልም አለ። እኔም ጣሪያ ላይ መብራት ለመስቀል ምን ምን ያስፈልጋል አልኩት። ለምን አለኝ። ልነግርህ አልችልም አልኩት። ከዚያ «ኤክስቴንሽን ያስፈልግሻል፣ ከሱቅ አመጣልሻለሁ» አለኝ።

እና እንዲህ ሆነናል፤ ሊለያዩ የተስማሙ ሁለት ሰዎች አንዳቸው ለአንዳቸው የፍቅር ድግስ ይደግሳሉ። መዛወሩን ከድግሱ በነጋታው፣ እሑድ ጠዋት አድርጎታል። ለልጅቱ ብለን ይህን እንጨርስና አለ፤ እኔም ትክክል ነው አልኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅቱ ይህን ሐሳብ ከየት አመጣችው? ሃያኛውም ሃያ አምስተኛውም ሲያልፍ ትዝ ያላት ነገር አልነበረም።

ታናሽሽ

*

ኅዳር 2፣ ቅዳሜ። ጭጋግ ነበር፣ ረፋዱ ላይ ገፈፈ። የነበሩ፦ እኔ፣ እሱ፣ ልብስ ሰፊው።

ለእትዬ፣

ገብስማ ፀጉርሽን መቀባት ትተሻል መባሉን ሰማሁ፤ ጥሩ አድርገሻል። ላውንደሪያችን ገንዳ ጋ የምትሠራው የጎረቤትሽ ልጅ ነች የነገረችኝ፣ አትቆጫት።

እውነት ምንም አይሰማሽም ወይ ብለሽኛል። በምን ላስረዳሽ። ማጠቢያው ማሽን ሲበላሽ በቀዝቃዛው ገንዳ በእጃችን እናለቅልቃለን። ረጅም ሰዓት ከሠራሽ በኋላ እጅሽን ስታወጪው እጅ መሆኑን ታውቂያለሽ። ጣቶቹ ይታጠፋሉ፣ ይይዛሉ፣ ይጨምቃሉ፣ ሥራው አይጓደልም። ብትቆነጥጪው ግን የሌላ ሰው ነው። እንደዚያ ነኝ። አያመኝም። እንደዚያም ሆኜ ራት እሠራለሁ፣ ሸሚዙን እተኩሳለሁ፣ ኮሌታውን ከውስጥ በኩል ጀምሬ።

ዛሬ ተራ ተቀያይሬ ልብስ ሰፊው ጋ ሄድን። እሱ ብቻውን ሄዶ ነበር፣ ልኬን ሲጠየቅ በእጁ አየር ላይ አሳየው አሉ። ሰውየው ይህ የሴት ልክ ሳይሆን የፍሪጅ ልክ ነው ብሎ መለሰው። ስለዚህ ለራሴ ሰርፕራይዝ ራሴ ሄጄ ተለካሁ። ሰፊው ሙሽሮች እያለ ሲቀልድብን ዋለ፤ ወገቤን ሲለካ ሙሽራው ዓይንህን ጨፍን ይለዋል። እሱም ጨፈነ። ትእዛዝ ነው የመሰለው።

የጨርቁን ቀለም ሰፊው ሲጠይቅ እኔ አመድማ ልል ነበር፣ ቆሻሻ አያሳይም። እሱ ቀደመኝ።

«አመድማ አይሁን። የሥራ ልብሷ አመድማ ነው» አለ።

ሰማያዊ ተቆረጠ።

ከሰዓት በኋላ ጣሪያ ወጥተን መብራቱን ሰቀልን። ለእሱ የማዘጋጀው ሰርፕራይዝ ነው፤ ግን ሽቦ ብነካ ሠላሳኛው ዓመት የሚከበረው ቀብሬ ላይ ነው። እሱ መሰላል ላይ ወጣ፣ እኔ መሰላሉን ያዝኩ። አምፖሎቹን አንድ በአንድ እያበራ ሲፈትሽ የደረጃችን መብራት ትዝ አለኝ። ከተቃጠለ ዓመታት አልፈውታል። ሐሙስ፣ የዕረፍት ቀኔ፣ ጎረቤት ገመዱን ሳይዝብኝ ብዬ ልብስ ለማስጣት የምወጣው ሳይነጋ ነው፤ ግድግዳውን በእጄ እየዳበስኩ። መጀመሪያ መጀመሪያ ሥራልኝ እለው ነበር። እሺ ይላል፣ የሰው ቤት ይጠራዋል፣ ይሄዳል። በኋላ እኔም ተውኩት፤ እግሬ ደረጃውን ለመደው።

አሁንም አንድ ቃል ነው የምትዪኝ። አውቃለሁ። ቃሏን አግኝቻታለሁ፤ ያላገኘሁት የምትናገረዋን ሴት ነው።

ስለ ልጅቱ የጠየቅኩሽን አልመለስሽልኝም።

ታናሽሽ

*

ኅዳር 9

ለእህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የፍሪጁ ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ፤ የገንዳው ጋ ስደርስ አስቀመጥኩት።

መጥቼ ከጎንሽ ብቆም ደስ ባለኝ። ጉልበቴ አውቶቡስ የሚችል አይደለም፣ ብመጣም ሰው በጆሮዬ እየጮኸ ሰርፕራይዙን ያበላሸዋል።

ስለ ልጅቱ የጠየቅሽኝን አሁን አልመልስም። ይቅርታሽን ግን ከወዲሁ ልበደር። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ልጅሽ አንቺ እንደምታስቢያት ሕፃን አይደለችም። እኔም ስላት የቆየሁትን አልሰማችኝም፤ የራሷን ነው የያዘችው።

ሰማያዊ ያምርብሻል። አመድማ አይሁን ያለው ሰው ዓይን አለው ማለት ነው፤ እኔ የለውም ብዬ ነበር።

እህትሽ

*

ኅዳር 14፣ ሐሙስ። ጥርት ያለ ነው፣ ብርድ አለ። የነበሩ፦ እኔ፤ ኋላ እሱ።

ለእትዬ፣

ይቅርታ መበደርሽን አልወደድኩትም፤ ግን ይሁን።

ዝግጅቱ አለቀ ወይ ላልሽኝ አንድ ችግር ተፈጠረ። ልጅቱ እኔን ቅዳሜ ፀሐይ ስትገባ ጣሪያው ላይ ተደብቀሽ ጠብቂው ብላኛለች። ለካ እሱንም ፀሐይ ስትገባ ጣሪያው ላይ ተደብቀህ ጠብቃት ብላዋለች። ዛሬ ልብስ ሳጣጥፍ እሱ መጣና ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ነገረኝ። ሁለታችንም ከተደበቅን ማን ነው የሚመጣው? እሷን መጠየቅ አይቻልም፣ እንዳልተነጋገርን ነው የምታውቀው።

አስበን አስበን አብረን ደረጃውን ወጥተን ሁለታችንም እንድንደነግጥ ተስማማን። እንደዚህ ከሆነ መለማመድ አለብን አለ እሱ፤ እኔ መደንገጥ አልችልበትም አለ። ወጥቶ በሩን ዘጋና እንደገና ገባ። ቅንድቡን ብቻ ከፍ አደረገ። ይህ የደስታ ሳይሆን የመብራት ሒሳብ የመጣበት ሰው ድንጋጤ ነው አልኩት። በተራዬ ወጥቼ ገባሁ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አፌን ከፈትኩ።

«እንዲህ ከሆንሽ ነርሷ አምቡላንስ ትጠራለች» አለ።

እንደገና እሱ ወጣ። ሲገባ ምንጣፉ አደናቀፈውና የእውነቱን ደነገጠ። ያንን ያዘው፣ እንዳትለውጠው አልኩት። ሳቅን። እሱ የጫማ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት፤ እኔም ጎኔን ይዤ ግድግዳ ተደግፌ ነበር። ሳቄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። የኔ ድምፅ አልመሰለኝም።

ሲያልፍልን እሱ ሰዓቱን አየ፣ እኔ የታጠፈውን ልብስ አየሁ። «እሑድ ጠዋት ጋሪ ይመጣል፤ ለገፊው ነግሬዋለሁ» አለ። ድምፁ ልክ ስለ ዳቦ ሲናገር እንደሚሆነው ነበር።

ያቺ ቃልሽ አፌ ውስጥ ነበረች እትዬ። ምላሴ ላይ። እሱም ቆሟል፣ አልቸኮለም። እኔ «እሺ» አልኩ። ይህንንም ስጽፍልሽ አላለቀስኩም። ያጣጠፍኩትን ፈትቼ እንደገና አጣጠፍኩት፣ ሌላ ያደረግኩት የለም። እንዲቆይ እፈልግ እንደሆነ ብትጠይቂኝ፣ አላውቅም። ያ ነው የከበደኝ፤ አለማወቄ።

ታናሽሽ

*

ኅዳር 17፣ እሑድ። ፀሐይ ነው፣ ደመና የለም። ጠዋት የነበሩ፦ እኔና እሱ። ልጅቱ ታች ነርሷ ጋ ተኝታለች።

ለእትዬ፣

ስለ ማታው ሁሉንም ንገሪኝ ብለሽኝ ነበር። ፎቶውን ነርሷ ትልክልሻለች፣ ከእኔ ይልቅ ፎቶው ይነግርሻል። ቀሚሱ ልክ ሆኗል። እሱ ሊደነግጥ ሲል ቅጠሉ አንሸራተተውና አሁንም የእውነቱን ደነገጠ። ደንሰናል፤ ሁለት ጊዜ እግሬን ረግጦኛል፣ ሁለቴም ይቅርታ ብሏል።

የምነግርሽ ስለ ስጦታው ነው። ኬኩ ከተቆረጠ በኋላ ልጅቱ ለየብቻችን አንዳንድ ጥቅል ሰጠችን። የኔን ተቀብዬ ሳልፈታው አወቅኩት። ብርድ ልብስ በእጄ ሲያርፍ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። የአንድ ሰው አልጋ ልክ ነበር። እሱም የሱን ፈቶ ዘረጋው፣ ጫፉን ከጫፉ ለካ፣ መልሶ አጠፈው። ቀና ብሎ አላየኝም።

እኔ ልጅቱን አየኋት። ሆዷን ደግፋ ቆማለች፣ አልተደናገጠችም።

«አክስቴ አስታርቂያቸው ብላ ነበር የጻፈችልኝ» አለች። «እኔ ላስታርቃችሁ አልመጣሁም። ስትጋቡ አልነበርኩም። ስትለያዩ ግን እንደ ሌባ ተደብቃችሁ እንድትለያዩ አልፈለግኩም።»

ነርሷ ሙዚቃውን ዝቅ አደረገች። እሱ ለልጁ ኬክ ቆረሰላት፣ ትልቁን።

አልተቀየምኩሽም። የተበደርሽኝ ይቅርታ ተከፍሏል በይ።

ዛሬ ጠዋት ያደረግኩትን ደግሞ እንደ ተረኛ መዝገቡ ልጻፍልሽ።

ተነሳሁ። እሱ ቀድሞኝ ተነስቷል፤ አልጋው በእሱ በኩል ተነጥፏል። ሻይ አፈላሁ። መጥረጊያ ይዤ ወጣሁ፤ ቅጠሉ ተረጋግጦ ደረጃው ላይ ስለተጣበቀ በእጄ እየላጥኩ ለቀምኩት። ጣሪያ ላይ ደረስኩ። እሱ መሰላሉ ላይ ሆኖ አምፖሎቹን እያወረደ ነበር። መሰላሉን ያዝኩለት። እያቀበለኝ ካርቶኑ ውስጥ ደረደርኳቸው። የመጨረሻዋን አላወረዳትም። ከልብስ ማስጫው ገመድ በላይ አዙሮ አሰራት፣ ሽቦዋን በግድግዳው ይዞ ወደ ደረጃው ወረደ፣ ከሥር ማብሪያ ገጠመላት። ሥራውን ሲጨርስ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ይቺ ትቆይ» አለ። «ሐሙስ የምትወጪው በጨለማ ነው።»

እሺ አልኩ።

የጋሪ ገፊው ከታች ተጣራ። የመሣሪያ ሣጥኑን በአንድ በኩል እሱ፣ በአንድ በኩል እኔ ይዘን አወረድነው። ሻንጣውን እሱ አወረደ። ትልቁን ብርድ ልብስ አልወሰደም፤ አዲሱን በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ጋሪው መሄድ ጀመረ። እሱ ግን አልተከተለም።

«ሐሙስ ብርድ ልብሱን ለማጠብ አምጣው» አልኩት።

ብብቱ ሥር ያለውን አየው። «አዲስ ነው እኮ» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩ።

ጋሪ ገፊው ከማዕዘኑ ተጣራ። «እሺ፣ ሐሙስ» አለና ሄደ።

ቤት ገባሁ። ሻዩን አንስቼ የቀዘቀዘውን ደፋሁ። የጠረጴዛውን ጨርቅ አጠብኩ፤ የሻማው ሰም ያልለቀቀበትን ቦታ በወረቀት ላይ አድርጌ በካውያ አወጣሁት፣ መልሼም አለቀለቅኩት። ይዤው ወደ ጣሪያ ስወጣ ከደረጃው ሥር አዲሱን ማብሪያ ተጫንኩ። ጨርቁን አሰጣሁ፣ ጠርዙን አቃናሁ። ፀሐዩ ከላይ ስለነበር አምፖሏ መብራቷ አይለይም። እጄን አስጠጋሁላት። ሞቀኝ። ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ወርጄ አጠፋኋት፣ የሥራ ልብሴን ለበስኩ፣ ወጣሁ።

ታናሽሽ